ከርነል ኮምፓይል ስታደርጉ ኤረር ሲመጣ ከየት ትጀምራላችሁ?

የራሳችሁን የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የሲስተሙን እምብርት፣ ከሶርስ ኮዱ ለመገንባት (ኮምፓይል ለማድረግ) ተነሳችሁ እንበል። 6.12ን ከከርነል ዶት ኦርግ አወረዳችሁ። ኡቡንቱ 24.04 የሚሠራበትን ኮንፊግ (ከርነሉ ውስጥ ምን እንደሚገባ የሚወስነውን የምርጫ ፋይል) ከቡት ፎልደር ገልብጣችሁ «ዶት ኮንፊግ» በሚል ስም አስቀመጣችሁ። ኮንፊጉን ከአዲሱ ሶርስ ጋር ለማስማማት «ሜክ ኦልድዴፍኮንፊግ» አላችሁ፣ ቀጥሎ ለመገንባት «ሜክ»። ላፕቶፑ ሲያጓራ ቆየና «ኤረር 2» ብሎ ቁጭ አለ። አሁንስ?

ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ከዚህ ዓይነት ማሽን የተወሰዱ ናቸው። ሌላ ዲስትሮ (የሊኑክስ ዓይነት) ላይ የፓኬጅ ስም ይለያያል እንጂ አካሄዱ ያው ነው። ትእዛዞቹን በአፍ እንደምንጠራቸው ነው የምጽፋቸው፤ ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል ትጽፏቸዋላችሁ።

ምንም ከማጥፋታችሁ በፊት

ኤረር ያየ ሰው እጁ ቶሎ የሚሮጠው ወደ «ሜክ ኤምአርፕሮፐር» ነው። ተዉት። ይህ ትእዛዝ የተገነባውን ብቻ ሳይሆን ዶት ኮንፊግንም ያጠፋል። ሜኑኮንፊግ ውስጥ (ኮንፊጉ የሚስተካከልበት ሜኑ ነው) ስትመርጡ ያመሻችሁበት ሁሉ በአንድ መስመር ድራሹ ይጠፋል። ማጽዳት ግድ ከሆነ «ሜክ ክሊን» ይበቃል፤ እሱ ኮንፊጉን አይነካም። ለማንኛውም ኮንፊጉን አሁኑኑ ከሶርስ ፎልደሩ ውጪ አንድ ኮፒ አስቀምጡለት።

እውነተኛውን ኤረር ማግኘት

አብዛኛው ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላስረዳ።

ተርሚናሉ ላይ የምታዩት የመጨረሻ መስመር ምንም አይነግራችሁም። «ኤረር 2» ማለት «እኔ የጠራሁት ሜክ አልተሳካለትም» ማለት ብቻ ነው። ከርነል የሚገነባው በተደራረቡ ሜኮች ነው። ላይኛው የታችኛውን ይጠራል፣ እሱም ሌላውን ይጠራል። አንድ ፋይል ሲበላሽ ሐዘኑ ያለው ከታች ነው፤ ከላይ «ኤረር 2» እያሉ የሚሰለፉት ለቅሶ ደራሾች ናቸው። ይህን መስመር ገልብጦ ኢንተርኔት ላይ የሚፈልግ ሰው ከእሱ ጉዳይ ጋር የማይገናኝ ሺህ መልስ ያገኛል።

እንዴት ወደ ታች ትወርዳላችሁ? ከሜክ ስም አጠገብ ያለውን ቁጥር እዩ። ሜክ[3]፣ ሜክ[2]፣ ሜክ[1] እያለ ይሄዳል። ቁጥሩ ትልቅ የሆነው በጣም ከታች ያለው ነው። የተበላሸውን ፋይል ስም የሚይዘው እሱ ነው። ኮምፓይለሩ የጻፈው ትክክለኛ ምክንያት ደግሞ ከዚያ መስመር በላይ ይገኛል።

ግን ሌላ ችግር አለ። «ሜክ -ጄ8» ካላችሁ ስምንት ሥራ በአንዴ ይሄዳል። አንዱ ሲወድቅ ሰባቱ የጀመሩትን ሳይጨርሱ አይቆሙም። «ዌይቲንግ ፎር አንፊኒሽድ ጆብስ» የምትለዋን መስመር የምታዩት ለዚህ ነው። ከእሷ በታች ያለው ብዙው የሌሎቹ ጫጫታ ነው። የምትፈልጉት ከእሷ በላይ ነው፤ አንዳንዴም ብዙ ስክሪን ወደ ላይ መውጣት ይጠይቃል።

ስለዚህ በዓይን አትፈልጉ። የሜክን ውጤት በ«2>&1» አጣምራችሁ በ«ቲ» ትእዛዝ ወደ ፋይል አስገቡት። ከዚያ በ«ግሬፕ» ፈልጉ። «ኤረር» የሚለውን ቃል ብቻውን አትስጡት፤ ስማቸው ውስጥ ኤረር ያለባቸው የከርነል ፋይሎች ሁሉ ይመጡባችኋል። ከቃሉ ኋላ ሁለት ነጥቧን ጨምሩ፤ ኮምፓይለሩ ጂሲሲ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚጽፈው። «ኖ ሩል ቱ ሜክ»፣ «አንዲፋይንድ ሬፈረንስ» እና «ኪልድ» የሚሉትን ለየብቻ ፈልጉ፤ እነሱ ያቺን ምልክት ላይይዙ ይችላሉ።

ስለ ቲ አንድ ማሳሰቢያ። ሼሉ በልማድ የሚያየው የቲን መሳካት እንጂ የሜክን አይደለም። «ሜክ | ቲ» ብላችሁ በ«&&» ደግሞ «ሜክ ሞጁልስ ኢንስቶል»ን ከቀጠላችሁበት፣ ቢልዱ ወድቆም ኢንስቶሉ ይጀምራል። ሁለቱን ለያይታችሁ አስኪዱ።

ሎግ መቆፈር ከሰለቻችሁ አቋራጭ አለ፤ «ሜክ -ጄ1» በሉ። የተሠራው ስለማይደገም ወደቀረው ፋይል ቶሎ ይደርሳል፣ ኤረሩን ይጽፋል፣ እዚያው ይቆማል። እኔ አሁን አሁን በዚህ ነው የምጀምረው።

ቁጥሮቹም ይናገራሉ። ኤረር 1 ሲሆን የተጠራው ፕሮግራም ራሱ አልተሳካለትም፤ ከላዩ ያለውን አንብቡ። ኤረር 127 የተጠራው ፕሮግራም ማሽናችሁ ላይ የለም ማለት ነው። ኤረር 137 ከሆነ ፕሮግራሙን ሌላ ኃይል ገድሎታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ገዳዩ የራም እጥረት ነው።

የጎደለ ፓኬጅ

ኤረር 127 ወይም «ኖ ሰች ፋይል ኦር ዳይሬክተሪ» ካያችሁ መጀመሪያ እነዚህን ጫኑ፦ ቢልድ ኢሴንሻል፣ ፍሌክስ፣ ባይሰን፣ ቢሲ፣ ሊብ ኤስኤስኤል ዴቭ፣ ሊብ ኤልፍ ዴቭ፣ ድዋርቭስ። ሜኑኮንፊግ የምትጠቀሙ ከሆነ ሊብ ኤንከርስስ ዴቭም ያስፈልጋል።

ሁለቱ ሰው ያሳስታሉ። ኦፕን ኤስኤስኤል ማሽኑ ላይ ስላለ ብቻ ሄደር ፋይሎቹ አሉ ማለት አይደለም፤ እነሱን የሚያመጣው «ዴቭ» የሚል ጭራ ያለው ፓኬጅ ነው። ሁለተኛው ፓሆል ነው። ቢልዱ የሚጠይቀው ፓሆል የሚባለውን የዲበግ ኢንፎ መሣሪያ ነው፤ ኡቡንቱ ላይ ድዋርቭስን ስትጭኑ ይመጣል።

የሰርተፊኬቱ ጣጣ

የኡቡንቱን ኮንፊግ ገልብጦ ከከርነል ዶት ኦርግ ሶርስ ጋር የሚገነባ ሰው ይህን አያመልጥም። መልእክቱ «ኖ ሩል ቱ ሜክ ታርጌት» ብሎ ይጀምርና «ካኖኒካል ሰርትስ ዶት ፔም» የሚባል ፋይል ይጠራል። ፋይሉ እናንተ ጋ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ኮንፊጉ የተጻፈው ለኡቡንቱ የራሱ ሶርስ ነው። በዚያ ሶርስ ውስጥ ዴቢያን የሚባል ፎልደር አለ፣ ሰርተፊኬቶቹም እዚያ ይቀመጣሉ። እናንተ ያወረዳችሁት ንጹሕ ሶርስ ውስጥ ግን ፎልደሩ የለም።

መፍትሔው ኮንፊጉ ፋይሉን እንዳይጠይቅ ማድረግ ነው። ሜኑኮንፊግ ክፈቱ፣ ክሪፕቶግራፊክ ኤፒአይ ውስጥ ግቡ፣ ታች ሰርተፊኬትስ የሚለውን ምረጡ። ተጨማሪ ቁልፎች የሚለው ቦታ ላይ የተጻፈውን የፋይል አድራሻ አጥፍታችሁ ባዶ አድርጉት። እዚህ ላይ ግን አትውጡ። ትንሽ ዝቅ ብሎ ለተሰረዙ ሰርተፊኬቶች የሚሆን ሁለተኛ ቦታ አለ፤ እሱንም ባዶ አድርጉት። አንዱን ብቻ ያጠፋ ሰው ሜክን ደግሞ ሲጠራ ያው የሚመስል ኤረር ያያል፣ «ለውጡ ሴቭ አልሆነም» ብሎም ይደናገጣል። ሴቭ ሆኗል። የአሁኑ ኤረር «ሪቮክድ» የምትል ቃል ጨምሯል፤ ልብ ብላችሁ አንብቡት።

የሞጁል (ለብቻው የሚጫን የከርነል ክፍል) መፈረሚያውን ቁልፍ ግን አትንኩት። እዚያው ሜኑ ውስጥ «ሳይኒንግ ኪ ዶት ፔም» የሚል አድራሻ ታያላችሁ። ያን ፋይል ቢልዱ ራሱ ይፈጥረዋል። ኢንተርኔት ላይ «ሁሉንም ባዶ አድርጉ» የሚሉ ምክሮች ሞልተዋል፤ አትስሟቸው።

ራም እና ዲስክ

«ኪልድ» ወይም ኤረር 137 ካያችሁ «ዲሜሴጅ» ብላችሁ «አውት ኦፍ ሜሞሪ» የሚል መኖሩን አረጋግጡ። ካለ ኮዱ ጤነኛ ነው፤ ራሙ አልበቃም። ብራውዘሩን ዝጉ፣ ስዋፕ (ዲስክ ላይ እንደ ራም የሚያገለግል ቦታ) ጨምሩ፣ የጄን ቁጥር ቀንሱ። ሁሉም መመሪያ «-ጄ» ላይ «ኤንፕሮክ» አድርጉ ይላል፣ ማለትም በፕሮሰሰሩ ልክ። ራም ለሞላው ሰው ጥሩ ነው። 4 ጊጋባይት ራም ይዤ ግን ከ2 አላልፍም።

«ኖ ስፔስ ሌፍት ኦን ዲቫይስ» ካለ ደግሞ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ዲበግ ኢንፎ (ስህተት ለመመርመር የሚጨመር መረጃ) ነው። የዲስትሮ ኮንፊግ እሱን ከፍቶ ነው የሚመጣው፣ በእሱ ምክንያት የቢልድ ፎልደሩ ከ20 ጊጋባይት በላይ ሊሄድ ይችላል። ከርነሉን ራሱን ለመመርመር ካልሆነ አያስፈልጋችሁም። ሜኑኮንፊግ ውስጥ ከርነል ሃኪንግ የሚለው ጋ ገብታችሁ ዝጉት። ቢልዱም ይፈጥናል፣ የፓሆል ጭቅጭቅም አብሮ ይቀራል።

ቢልዱን ለማሳጠር «ሜክ ሎካልሞድኮንፊግ» የሚመክሩ አሉ። እኔ አልወደውም። በዚያች ሰዓት የተጫኑትን ሞጁሎች ብቻ ነው የሚያስቀረው። ያልተሰካ ፍላሽ፣ ያልተገናኘ ፕሪንተር፣ ቤት የቀረ የዩኤስቢ ዋይፋይ ሁሉ ድራይቨር አልባ ሆነው ይቀራሉ። ከተጠቀማችሁበት መጀመሪያ ያላችሁን ዕቃ ሁሉ ሰክታችሁ ይሁን።

መብራት ሄዶ ከነበረ

ይህኛው የውጭ መመሪያዎች ላይ ብዙም አይገኝም፣ እኛ ጋ ግን ያጋጥማል። ቢልዱ መሃል መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ድንገት ከሞተ፣ ገና ዲስክ ላይ ያልሰፈሩ ፋይሎች ስማቸው ብቻ ይቀርና መጠናቸው 0 ባይት ሊሆን ይችላል። ሜክ የሚያየው ቀናቸውን ነው፤ አዲስ ናቸው ብሎ ያልፋቸዋል። መጨረሻ ላይ ሊንከሩ (የተገነቡትን ፋይሎች የሚያገጣጥመው ፕሮግራም) «ፋይል ኖት ሬኮግናይዝድ» ይላል። ኮዱን ብትመረምሩት ምንም የለውም። «ሜክ ክሊን» ብላችሁ እንደገና ጀምሩ። ሲሲካሽን (የተገነባውን አስቀምጦ መልሶ የሚጠቀም ፕሮግራም) ቀድማችሁ ከጫናችሁና በእሱ ከገነባችሁ ሁለተኛው ዙር በጣም ይፈጥናል።

ማዘርቦርድ ላይ ያለችው ትንሿ ባትሪ የሞተችበት አሮጌ ማሽን ደግሞ በተነሳ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይሄዳል። ያኔ ሜክ «ክሎክ ስኪው» ብሎ ያስጠነቅቃል። ንቃችሁ አትለፉት። ሰዓቱን አስተካክሉና ክሊን አድርጉ።

ሶርሱና ኮምፓይለሩ ካልተስማሙ

ጂሲሲ 15 የሚከተለው ነባሪ የሲ ደረጃ ሲ23 ነው። በዚያ ደረጃ «ፎልስ» እና «ትሩ» የቋንቋው ቁልፍ ቃላት ሆነዋል። ስለዚህ እንደ ፌዶራ 42 ባለ አዲስ ዲስትሮ ላይ ቆየት ያለ ከርነል ስትገነቡ ገና ሲጀምር «ፎልስ»ን እየጠቀሰ ሊወድቅ ይችላል። ሄደር ፋይሉን በእጅ ማስተካከል አትጀምሩ፤ ማለቂያ የለውም። ወይ የዚያኑ ከርነል የቅርብ ማስተካከያ ቨርዥን አውርዱ፣ ወይ የቆየ ጂሲሲ ጭናችሁ «ሲሲ=ጂሲሲ-13» ብላችሁ ለሜክ ንገሩት።

የፎልደር ስም ውስጥ ክፍት ቦታ ወይም ሁለት ነጥብ ካለ ቢልዱ አይነሳም። ሶርሱን ፋት32 ወይም ኤክስፋት ፍላሽ ላይ፣ ወይም ከደብሊውኤስኤል (ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ የሚያስኬደው) ሆናችሁ የዊንዶውስ ዲስክ ላይ አትፍቱት። ከርነሉ ውስጥ በትልቅና በትንሽ ፊደል ብቻ የሚለያዩ ፋይሎች አሉ፤ አንዱ ሌላውን ሊደፍጥጠው ይችላል።

ኤረሩ በየሙከራው ፋይል የሚቀያይር ከሆነስ? አሁን አንድ ድራይቨር ላይ፣ ቀጥሎ ሌላ ቦታ፣ ጂሲሲም «ሴግሜንቴሽን ፎልት» እያለ? የሶፍትዌር ችግር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦታ ነው የሚወድቀው። እንዲህ ቦታ የሚቀያይር ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የተበላሸ ራም ወይም የጋለ ፕሮሰሰር ነው። የላፕቶፑን ማራገቢያ ከአቧራ አጽዱ፣ ሜምቴስትን አስኪዱ።

ቢልዱ አልፎ ማሽኑ እምቢ ካለ

በ«ሜክ ቢንዴብ ፒኬጂ» ብትገነቡ እመርጣለሁ። ዴብ ፋይል (የኡቡንቱ መጫኛ ፓኬጅ) ስለሚሰጣችሁ መጫኑም ማራገፉም ቀላል ነው። ሴኪዩር ቡት በርቶ ከሆነ ያልተፈረመ ከርነል አይነሳም፤ ወይ ከርነሉን ፈርሙት ወይ ሴኪዩር ቡትን ከባዮስ አጥፉት። የድሮውን ከርነል ግን አዲሱ ተነስቶ ዋይፋዩ እስኪሠራ ድረስ እንዳታራግፉ።

«ዩኔብል ቱ ማውንት ሩት ኤፍኤስ» የሚል ፓኒክ ከመጣ መጀመሪያ ኢኒትራምኤፍኤሱን (ማሽኑ ሲነሳ ከርነሉ ዋናውን ዲስክ እስኪያገኝ የሚጠቀምበት ትንሽ የፋይል ጥቅል) ጠርጥሩ። ከግረብ (ማሽኑ ሲነሳ ከርነል የሚመረጥበት) ሜኑ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ በድሮው ከርነል ግቡ፣ የቡት ፓርቲሽኑ አለመሙላቱን እዩ፣ ከዚያ «አፕዴት ኢኒትራምኤፍኤስ»ን በአዲሱ ከርነል ቨርዥን ስም አስኪዱ።