ባልቲክ ውስጥ ወደ ሰመጡ መርከቦች ሲጠለቅ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ባልቲክ ባሕር ውስጥ የሰመጠ የእንጨት መርከብ ዕድሜው ረጅም ነው። በሌላው ባሕር እንጨት ቦርቡሮ የሚጨርሰው የመርከብ ትል፣ ከደቡብ ምዕራቡ ጫፍ በቀር፣ እዚህ አይኖርም። ጨዉ አይበቃውም። የውቅያኖስ ውሃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው ይይዛል። የመካከለኛው ባልቲክ የላይኛው ውሃ ግን ቢበዛ 8 ግራም ቢይዝ ነው። ወረድ ሲባል ደግሞ ብርድና ጨለማ ነው። ማርስ የተባለው የስዊድን የጦር መርከብ በ1564 በውጊያ መሃል ተቃጥሎ፣ ፈንድቶ ሰመጠ። በ2011 ሲገኝ 75 ሜትር ላይ ተኝቶ ነበር፤ ትልቁ የጎን አካሉና መድፎቹ እዚያው ናቸው።

የጨው ማነስ፣ ብርድና ጨለማ መርከቡን አቆዩት። ጠላቂውን የሚፈትኑትም እነዚሁ ሦስቱ ናቸው። ከዚህ በታች ያለው ጣጣ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ከሦስቱ ወደ አንዱ ይመለሳል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ መንስኤውን ያወቀ መፍትሄውን ለመያዝ አይቸገርም።

ይህን የምጽፈው በተለይ ኤይላት ወይም ኤምሬትስ ሙቅ ውሃ ውስጥ መጥለቅ ተምረው አሁን ስቶክሆልም ወይም ሄልሲንኪ ለሚኖሩ ነው። የድራይ ሱት፣ ማለትም ውሃ የማያስገባው የመጥለቂያ ልብስ፣ ኮርስን አይተካም። ኮርሱ የግድ ነው።

ሬጉሌተሩ አየር መልቀቁን አላቆም አለ

ምልክቱን ማንም አይስተውም። አፋችሁ ላይ ያለው ሬጉሌተር፣ ጀርባ ላይ ከሚታዘለው ሲሊንደር የሚመጣውን አየር ለትንፋሽ የሚያመቸው መሣሪያ፣ በድንገት መንፎልፎል ይጀምራል። አረፋው ፊታችሁን ይሸፍናል፣ ጆሮ የሚያደነቁር ድምፅ ይሰማል፣ የግፊት መለኪያው ቀስት ዓይናችሁ እያየ ይወርዳል።

መንስኤው በረዶ ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ በ200 ባር ግፊት የታመቀው አየር፣ ቫልቩ ላይ በሚታሰረው የሬጉሌተሩ ክፍል ሲያልፍ ወደ 10 ባር ገደማ ይወርዳል። እንዲህ በአንዴ የተለቀቀ አየር በኃይል ይቀዘቅዛል፣ ብረቱንም ከዜሮ በታች ያወርደዋል። ቀይ ባሕር ላይ ቢሆን ሙቁ ውሃ ብረቱን ወዲያው ያሞቀዋል። 4 ዲግሪ ውሃ ግን የሚሰጠው ሙቀት የለውም። የጨው ማነሱም የራሱን ይጨምራል፤ የውቅያኖስ ውሃ በረዶ ለመሆን ከዜሮ በታች ወደ 2 ዲግሪ መውረድ አለበት፣ የባልቲክ ውሃ ግን ዜሮን እንዳለፈ ይረጋል። በረዶው ቫልቩን ከፍቶ ያስቀረዋል። አየር በፈሰሰ ቁጥር ቅዝቃዜው ይብሳል፣ ቅዝቃዜው በባሰ ቁጥር አየሩ ይፈሳል።

በዚያች ቅጽበት ምን ይደረግ? ሁለት የተለያየ ቫልቭ ላይ የታሰሩ ሁለት ሬጉሌተሮች ካሏችሁ ወደ ሌላው ቀይሩ፣ የሚፈሰውን ቫልቭ ዝጉ ወይም ጓደኛችሁ ይዝጋላችሁ። ትንሽ ሲቆይ በረዶው ሊቀልጥ ይችላል። ቀለጠ ብሎ መቀጠል ግን አይሠራም፤ የዕለቱ መጥለቅ እዚያ ላይ አበቃ። ያላችሁ አንድ ብቻ ከሆነ የጓደኛችሁን ትርፍ ሬጉሌተር ተቀበሉ። እሱም ሩቅ ከሆነ፣ ከንፈራችሁን ሳትገጥሙ ከሚፈሰው ላይ እየቀማችሁ ተንፍሱና በተለመደው ፍጥነት ውጡ። 30 ሜትር ላይ የሚፈስ ሲሊንደር ለመጨረስ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ለዚህ ነው አንድ ቫልቭ ብቻ ይዞ እዚህ ውሃ ውስጥ መግባትን እኔ የማልመክረው፣ መሪው ችግር የለውም ቢልም።

መከላከያው ከመግባት በፊት ነው። ሬጉሌተራችሁ ላይ ከ10 ዲግሪ በላይ የሚል ምልክት ካለ፣ በአውሮፓው ኢኤን 250 መስፈርት ለብርድ አልተፈተነም ማለት ነው። እቤት ይቅር። የሚፈለገው ውሃ ወደ ውስጡ የማያስገባ፣ የተደፈነ ዓይነት ነው። ጀልባው ላይ ሆናችሁ ልሞክረው ብላችሁ ደጋግማችሁ አትተንፍሱበት። የትንፋሻችሁ እርጥበት ውስጡ ይቀርና ኋላ በረዶ ይሆናል። ወርዳችሁም ሱታችሁን አየር ስትሞሉ በአጭር በአጭሩ ጫኑ እንጂ በአንድ ጊዜ አታንፏፉት፣ እየሞላችሁም አትተንፍሱ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ የሚያልፈው አየር ይበዛል፣ አየር ሲበዛ ደግሞ ታሪኩ ከላይ ያልነው ነው።

አልሰምጥ አልኩ፣ ከዚያ እንደ ድንጋይ ወረድኩ

ጠላቂው ከነዕቃው 100 ኪሎ ቢመዝን፣ ከቀይ ባሕር ወደ ባልቲክ ሲመጣ ለመስመጥ ከሚታጠቀው እርሳስ ከ2 ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ ይቀንሳል። ጨው ያነሰው ውሃ ሰውን ወደ ላይ የሚገፋው በዚያው መጠን አንሶ ነው። ሂሳቡ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ድራይ ሱትና ወፍራም የውስጥ ልብስ ሲመጣ ግን ብዙ አየር ይዘው ስለሚገቡ እርሳሱ መልሶ ይጨምራል፣ አንዳንዴም ከድሮው በብዙ ኪሎ ይበልጣል።

ብዙ ሰው ላይ የማየው ግን ሌላ ነው። መውረድ ሲያቅተው እርሳስ ጨምሩልኝ ይላል። ችግሩ እርሳስ አይደለም፣ ከሱቱ ያልወጣ አየር ነው። ግራ ትከሻችሁ ላይ ያለውን የማስወጫ ቫልቭ እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ ክርናችሁን ከፍ አድርጉ፣ ጠብቁ። የማያስፈልግ 4 ኪሎ የታጠቀ ሰው 15 ሜትር ሲያልፍ ሱቱ ይጨመቃል፣ እሱም ሳያስበው ደለሉ ውስጥ ይቀመጣል። ትክክለኛውን መጠን የምታውቁት መጨረሻ ላይ ነው። ሲሊንደሩ 50 ባር ሲቀረው 3 ሜትር ላይ ሳትንቀሳቀሱ መቆም ከቻላችሁ ልኩ ያ ነው። ቁጥሩን ጻፉት።

ሱቱ ውስጥ ረጥቤያለሁ፣ በርዶኛል

መጀመሪያ ውሃ ነው ወይስ ላብ የሚለውን ለዩ። ላብ ጀርባና ብብት ላይ በስሱ ተሰራጭቶ ይገኛል። የገባ ውሃ ግን መንገድ አለው፤ ከእጅ አንጓ ተነስቶ እስከ ክርን ይዘልቃል፣ ወይም ከአንገት ወደ ደረት ይወርዳል። መንገዱን ተከትላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። አንጓው ላይ ያለውን ላስቲክ ገልብጣችሁ በደንብ እዩት። ብዙ ጊዜ የምታገኙት አንዲት የውስጥ ልብስ ክር ናት፣ ከላስቲኩ ሥር ተጋድማ ውሃውን እየመራች የምታስገባ። አንገት ላይ ከሆነ ፀጉር ወይም ጢም። ዚፑም የመጨረሻዋ ጥርስ ድረስ ካልተዘጋ ያስገባል።

እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ ሱቱ ተበስቷል። እቤት ወስዳችሁ የእጆቹን ጫፍ በጠርሙስ ድፈኑ፣ አንገቱን እሰሩ፣ አየር ሙሉና በሳሙና ውሃ ቀቡት። አረፋ የሠራበት ቦታ ቀዳዳው ነው።

ላብ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ ከጀልባው ነው። ሐምሌ ላይ ላዩ 20 ዲግሪ ሲሆን፣ በወፍራም ሱፍ ተጠቅልለው ፀሐይ ላይ ግማሽ ሰዓት የሚያወሩ አሉ። ታች 5 ዲግሪ ሲገጥማቸው ያ ላብ ያንቀጠቅጣቸዋል። መጨረሻ ላይ ልበሱ።

ሰውነት ደረቅ ሆኖ ብርድ ከተሰማ፣ ሱቱ ውስጥ ያለው አየር አንሷል። ተጨምቆ የተለጠፈ ሱፍ አያሞቅም። ትንሽ አየር ጨምሩ። ጣት ግን ከሁሉ ቀድሞ ይደነዝዛል፣ መፍትሄውም ደረቅ ጓንት ነው። ስትወርዱ ጓንቱ እንዳይጨመቅ ከአንጓው ላስቲክ ሥር አጭር ወፍራም ክር ወይም ቀጭን ቱቦ አሳልፉ፣ የሱቱ አየር በእሷ በኩል ወደ ጓንቱ ይሻገራል። እላይ የረገምናት ክር እዚህ ትጠቅማለች፤ ልዩነቱ ጓንቱ ራሱ ውሃ የማያስገባ መሆኑ ነው። ጣታችሁ መንጠቆ መክፈት ካቃተው ግን ምንም ሳትሉ ውጡ።

ምንም አይታየኝም

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ችግሮች አሉ፣ መፍትሄያቸውም ተቃራኒ ነው።

አንደኛው ላይኛው ውሃ ላይ የሚገጥመው ነው። በሐምሌና በነሐሴ አልጌ ይበዛና ውሃው አረንጓዴ ይሆናል፣ እግራችሁ ላይ ያጠለቃችሁትን ፊን (የመዋኛ ክንፍ) ማየት ያዳግታል። ተስፋ አትቁረጡ። 15 ወይም 20 ሜትር አካባቢ ሙቁ ውሃ ያልቅና ፊትን የሚቆነጥጥ ብርድ ይጀምራል። ከዚያ በታች ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ ነው፣ ጨለማ ብቻ ነው። የወረዳችሁበትን ገመድ ሳትለቁ፣ ባትሪ አብርታችሁ ቀስ ብላችሁ እለፉት። አልጌውን የማይወድ በግንቦት ይሂድ፤ ውሃው ይቀዘቅዛል፣ እይታው ግን ያምራል።

ሁለተኛው ታች ሆናችሁ፣ ጥሩ እያያችሁ በነበረበት ቦታ፣ በድንገት ሁሉ ነገር ቡናማ ሲሆን ነው። ባትሪያችሁን ስታበሩ ብርሃኑ ተመልሶ ዓይናችሁን ይወጋል። ያስነሳው የእናንተ እግር ነው። ባልቲክ በጨረቃ ስበት የሚመጣ ይህ ነው የሚባል የውሃ ከፍና ዝቅ ማለት የለውም፣ ስለዚህ የተነሳ ደለል ጠራርጎ የሚወስደው ነገር አያገኝም። ተንጠልጥሎ ይቆያል። መፍትሄው መቆም ነው። ገመዱን ያዙ፣ የጓደኛችሁን ክንድ ያዙ፣ እግራችሁን አታንቀሳቅሱ፣ በገመዱ ቀስ ብላችሁ ተመለሱ። በሚቀጥለው ጊዜ እግርን ወደ ላይና ወደ ታች ማወራጨት ትታችሁ እንደ እንቁራሪት ወደ ጎን ግፉ፣ ከመርከቡም አንድ ሁለት ሜትር ራቁ። መርከቡ ውስጥ መግባት የማይታሰብ ነው።

ባትሪው ቶሎ ከሞተባችሁ ብርዱ ነው የበላው። ትርፍ ያዙ፣ አለቀ።

ገና ጠጋ ስል እንጨቱ ረገፈ

የቆመ ምሰሶና የተቀረጸ እንጨት ሲታይ ትናንት የተሠራ ይመስላል። አትመኑት። ባክቴሪያ ላይኛውን ሽፋን ቀስ በቀስ በልቶታል፣ ሳንቃዎቹን ያያያዙት የብረት ምስማሮች ዝገው አልቀዋል። ብዙው ሳንቃ የቆመው በገዛ ክብደቱ ነው። የፊን ንፋስ ይበቃዋል። ጀልባውም መርከቡ ላይ መልሕቅ መጣል ወይም ገመድ ማሰር የለበትም። የተዘጋጀ ቡዪ (ጀልባ የሚታሰርበት ተንሳፋፊ) ከሌለ ራቅ ብሎ ይቁም።

ሕጉም ቀልድ አያውቅም። ፊንላንድ ውስጥ ከሰመጠ ከ100 ዓመት በላይ የሆነው መርከብ የተጠበቀ ነው፣ ስዊድን ውስጥ ደግሞ ከ1850 በፊት የሰመጠ። ማየት ባብዛኛው ይቻላል፣ መንካትና ማንሳት ግን አይቻልም። ለየት ያሉም አሉ። ለሩሲያዋ ንግሥት ካትሪን የተገዙ ሥዕሎች ጭና በ1771 የሰመጠችው ፍሮው ማሪያ በ1999 41 ሜትር ላይ ተገኘች፤ ያለ ፈቃድ አካባቢዋ መጥለቅ ክልክል ነው። ስቶክሆልም አጠገብ ዳላሮ ላይ ያለችው፣ በ1678 የሰመጠችው ቦዴኩል ደግሞ ፈቃድ ካላቸው አስጎብኚዎች ጋር ብቻ ትታያለች።

ለጀማሪ እኔ የምመርጠው ሄልሲንኪ ፊት ለፊት ያለውን ክሮንፕሪንስ ጉስታቭ አዶልፍን ነው። በ1788 ከሆግላንድ ውጊያ በኋላ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ሩሲያውያን ያቃጠሉት የስዊድን የጦር መርከብ ነው። ጥልቀቱ 20 ሜትር ገደማ ነው። ከ2000 ጀምሮ የውሃ ውስጥ ፓርክ ሆኗል፣ መድፎቹና መልሕቆቹ አጠገብ ገላጭ ሰሌዳዎች ተተክለዋል። ከመሄዳችሁ በፊት ግን የቀኑን ነፋስ እዩ። ቦታው ክፍት ባሕር ስለሆነ ማዕበል ካለ ጀልባው ወጥቶ ይመለሳል፣ ብዙ አዘጋጆችም ገንዘቡን አይመልሱም።