የአራስ እናት እንቅልፍና የሕፃኑ አመጋገብ፦ ለባሕር ዳር ቤተሰቦች የቀረበ መመሪያ

አራስ ጥየቃ የሚመጡ ዘመዶች ሕፃኑ ሌሊት ደጋግሞ እንደሚያለቅስ ሲሰሙ «ወተትሽ አልበቃው ብሎ ነው፤ ጡጦ ብትጨምሪለት አንቺም እንቅልፍ ታገኚ ነበር» ማለታቸው የተለመደ ነው። ምክሩ ከርኅራኄ ቢመነጭም ግምቱ ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ጡት ብቻ የሚያጠቡ፣ የዱቄት ወተት ብቻ የሚሰጡና ሁለቱን የሚያቀላቅሉ እናቶችን እንቅልፍ በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት በመሣሪያ ለክቶ ልዩነት አላገኘም። በ2007 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ በሦስት ወር ዕድሜ ሌሊት ጡት የሚጠቡ ሕፃናት ወላጆች የዱቄት ወተት ከሚሰጡት በአማካይ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ የበለጠ እንደሚተኙ አሳይቷል። በእኔ እምነት አራሷን የሚያሳርፋት በይበልጥ ሌሊቱ በቤት ውስጥ የሚደራጅበት መንገድ ነው።

አዲስ የተወለደ ሕፃን ሆዱ ትንሽ በመሆኑ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባቱ ጤናማ ነው። ወተት እንዲመረት የሚያደርገው ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ሌሊት ከፍ ስለሚል፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሌሊቱን ማጥባት መዝለል ወተቱን ሊቀንሰው ይችላል። በተጨማሪም የሌሊት የጡት ወተት ሕፃኑ ገና በራሱ በበቂ ሁኔታ የማያመርተውን፣ እንቅልፍ የሚጠራውን ሜላቶኒን ይይዛል።

ዝግጅቱ ከመምሸቱ በፊት ይጀምር። ዳይፐር ወይም ጨርቅ፣ የመጠጥ ውኃና ደብዘዝ ያለ መብራት ከአልጋው አጠገብ ይቀመጡ። አራሷ ጎኗን ተኝታ ማጥባትን በቀን ትለማመድ፤ ይህን የቻለች እናት ሌሊት ተነሥታ ከመቀመጥና ጨርሶ ከመንቃት ትድናለች። የጣና ዳርቻ የወባ አካባቢ ስለሆነ እናትና ልጅ አጎበር ውስጥ ይደሩ፤ አጎበሩም በየማጥቢያው እንዳይከፈት ሕፃኑ ከእናቱ አጠገብ ይሁን። ሕፃኑ በጀርባው፣ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ፣ ትራስና ፊቱን ሊሸፍን የሚችል ጋቢ በሌለበት ይተኛ። አልኮል የጠጣ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ወይም እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት የወሰደ ሰው ከእርሱ ጋር በአንድ አልጋ አይተኛ። ሶፋ ላይ እያጠቡ ማሸለብ ከአልጋው ይልቅ አደገኛ ነው። አራስ ቤት ይሙቅ በሚል ከሰል አቀጣጥሎ በሩን መዝጋት ግን ፈጽሞ መቅረት አለበት፤ ሽታ የሌለው የከሰል ጭስ መርዝ እናትንም ልጅንም እንደተኙ ሊገድል ይችላል።

ልታርሳት የመጣች እናት ወይም አማት ካለች፣ ባልም ጭምር፣ ሥራ ይከፋፈሉ። አራሷ አጥብታ እንደጨረሰች ሕፃኑን ተቀብሎ ማስገሳት፣ ጨርቁን መቀየርና እስኪተኛ ማቀፍ ሌላ ሰው ሊሠራው የሚችል ነገር ነው። ከንጋቱ ማጥባት በኋላ ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ያለማንም ጣልቃ ገብነት ትተኛ። ጠያቂ መምጣቱ በረከት ነው፤ ነገር ግን ገንፎው ተበልቶ፣ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ሲደርስ አራሷ የቀን እንቅልፏን እንዳታጣ፣ ጥየቃው ከሰዓት በኋላ በአጭሩ ቢሆን ይመረጣል። አራሷም ከቀትር በኋላ ቡና ባትጠጣ ለሌሊቷ ይበጃታል።

ማጥባቱ ከተደላደለ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ወር ገደማ ጀምሮ፣ የታለበ የጡት ወተት በንጹሕ ኩባያ ሌላ ሰው ሊያጠጣ ይችላል። ወተቱ እስከ 25 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ለአራት ሰዓት ይቆያል፤ በሚያዝያና በግንቦት የባሕር ዳር ሙቀት ግን ጊዜው ማጠር አለበት።

በሕክምና ወይም በሌላ ምክንያት የዱቄት ወተት የምትሰጥ እናት ልትወቀስ አይገባትም፤ ሌላ ሰው ሙሉ በሙሉ ተክቷት ሊመግብ መቻሉም እውነተኛ እፎይታ ነው። ይሁን እንጂ ሌሊቱ ሥራ ይጠይቃል፦ ጡጦው ተቀቅሎ፣ ውኃው ፈልቶ፣ ከ30 ደቂቃ በላይ ሳይቆይና ከ70 ዲግሪ በታች ሳይወርድ ከዱቄቱ ጋር ይዋሐዳል፣ ከዚያ ይቀዘቅዛል፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ያላለቀውም ይደፋል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ሌላ ማፍያ ይዘጋጅ። ዱቄቱን ለመቆጠብ ማቅጠን ሕፃኑን ይጎዳል። ከስድስት ወር በፊት የላም ወተት፣ አጥሚት ወይም ቅቤ «ጠግቦ እንዲተኛ» መስጠትም እንቅልፍ አያስገኝም፤ በጡጦ ውስጥ የተጨመረ እህል ደግሞ ሊያንቀው ይችላል።

ማጥባት የሚያሳምም ከሆነ፣ ጡቱ ከቆሰለ፣ ወይም ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ሕፃኑ በቀን ከስድስት ጊዜ በታች ከሸና የአጎራረሱ ጉዳይ በቅርብ ባለ ጤና ጣቢያ ይታይ። ሕፃኑ ካተኮሰው ወይም መጥባት እምቢ ካለ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ሕፃኑ ተኝቶም እንቅልፍ የማይወስዳት፣ ወይም ኀዘኗ ከሁለት ሳምንት ያለፈ እናት «ድካም ነው» ተብላ አትተው፤ በጤና ጣቢያው በኩል ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ልትላክ ትችላለች። ራሷን ወይም ልጇን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባት ግን ብቻዋን ሳትሆን በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ትወሰድ።