የሴት አይጦችን ጭንቀት ከመለካታችሁ በፊት ቀናቸውን እወቁ

ሴት አይጦች ሆርሞናቸው ስለሚለዋወጥ ውጤት ያበላሻሉ ተብሎ ለብዙ ዓመት አብዛኛው ሙከራ በወንዶች ላይ ብቻ ሲሠራ ኖሯል። ስጋቱ ግን መሠረት የለውም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ 293 ጥናቶችን የፈተሸ ትንተና፣ የሆርሞን ዑደታቸው ሳይታይ እንኳ የሴቶቹ ውጤት ከወንዶቹ በባሰ እንደማይዋዥቅ አሳይቷል። ስለዚህ ለማንኛውም ሙከራ ዑደት መከታተል ግዴታ አይደለም። ጥያቄያችሁ ራሱ ስለ ሆርሞን ከሆነ ግን አይጧ ዑደቷ ስንተኛ ቀን ላይ እንዳለች ሳታውቁ አትጀምሩ።

እዚህ የማወራው ራት ስለምትባለው ትልቋ የላብራቶሪ አይጥ ነው። ዑደቷ ከ4 እስከ 5 ቀን ነው፤ ፕሮኤስትረስ፣ ኤስትረስ፣ ሜትኤስትረስና ዳይኤስትረስ የሚባሉ አራት ደረጃዎች አሉት። ሁልጊዜ ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት፣ ትንሽ ሳላይን (የጨው ውሃ) በፒፔት ብልቷ አፍ ላይ ጨምራችሁ መልሳችሁ ሳቡና ስላይድ ላይ አድርጉት። ፒፔቱን ወደ ውስጥ አታስገቡት፤ የማህፀን በሯ ከተነካካ ሰውነቷ ያረገዘች ይመስለውና ዑደቷ ለሁለት ሳምንት ገደማ ሊቆም ይችላል።

ማይክሮስኮፕ ላይ ክብ፣ ኒውክሊየሳቸው ቁልጭ ብሎ የሚታይ፣ እንደ ወይን ዘለላ የተሰባሰቡ ህዋሳት ካያችሁ ፕሮኤስትረስ ነው። ኒውክሊየስ የሌላቸው ደረቅ ቅርፊቶች ከሆኑ ኤስትረስ። ዳይኤስትረስ ላይ ስላይዱን የሚሞሉት ጥቃቅን ነጭ የደም ህዋሳት ናቸው። ሜትኤስትረስ የሁሉም ድብልቅ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ያደናግራል። አንድ ስላይድ ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፣ ቢያንስ ሁለት ሙሉ ዑደት ተከታተሉ። በዚያውም አይጧ እጃችሁን ትለምዳለች።

ዋናው ነገር ፕሮኤስትረስ ላይ ነው። ኤስትሮጅን ከፍ ብሎ ይቆያል፣ ወደ ማታ ደግሞ ፕሮጄስትሮን ይከተላል። ፕሮጄስትሮኑ አንጎል ውስጥ አሎፕሬግናኖሎን ወደሚባል ውህድ ይቀየርና ጋባ የተባለውን አንጎልን የሚያረጋጋ ኬሚካል የሚቀበሉ ተቀባዮችን ሥራ ያጠናክራል፤ ዳያዜፓም የተባለው የጭንቀት መድኃኒትም የሚሠራው በእነዚሁ ተቀባዮች ላይ ነው፣ የሚያርፍበት ቦታ ቢለይም። ብዙ ጥናቶች በዚህ ወቅት ያለች አይጥ ዳይኤስትረስ ላይ ካለችው ይልቅ ደፈር እንደምትል ያገኙት ለዚህ ነው። እንግዲህ ጠዋት ብትፈትኗትና ማታ ብትፈትኗት፣ ቀኑ ያው ፕሮኤስትረስ ቢባልም፣ ሆርሞኗ አንድ አይደለም። ሰዓቱን ጻፉ።

ለመለኪያ የተለመደው ከመሬት 50 ሴንቲሜትር ገደማ ከፍ ያለ የመስቀል ቅርጽ መድረክ ነው። ሁለቱ ክንዶች ግድግዳ አላቸው፣ ሁለቱ ገላጣ ናቸው። አይጧ መሀል ላይ ትቀመጥና ለ5 ደቂቃ ትታያለች፤ ገላጣው ላይ ብዙ ከቆየች ጭንቀቷ ቀለል ያለ ነው ይባላል። ግን ግድግዳ ወዳለውም ስንቴ እንደገባች ቁጠሩ። ሴቶች በአጠቃላይ ብዙ ይንቀሳቀሳሉ፣ እና መሯሯጥን ከድፍረት ጋር ማምታታት በጣም ቀላል ነው።

ያቺኑ አይጥ አራቱንም ቀን እየደጋገማችሁ እንዳትፈትኑ! አንዴ መድረኩን ያየች አይጥ በሁለተኛው ጊዜ ከገላጣው ትሸሻለች፣ ዳያዜፓም ራሱ አይሠራላትም። ለየደረጃው ሌላ አይጥ ያስፈልጋል። ወጪው ይጨምራል፣ ግን ሌላ መንገድ የለም።

ምክንያቱ ሆርሞኑ መሆኑን ለማረጋገጥ ኦቫሪ ማውጣት፣ አንድ ሁለት ሳምንት መጠበቅ፣ ከዚያ ለአንዱ ቡድን ኤስትሮጅን ወይም ፕሮጄስትሮን በሰሊጥ ዘይት፣ ለሌላው ዘይቱን ብቻ መስጠት ነው። ፊናስቴራይድ የተባለው መድኃኒት ፕሮጄስትሮኑ ወደ አሎፕሬግናኖሎን እንዳይቀየር ስለሚያግድ መንገዱን ለመፈተሽ ይረዳል። ወንዶችንም አትርሱ፤ የዘር ፍሬያቸው ሲወጣ ጭንቀታቸው እንደሚጨምር፣ ቴስቶስትሮን ሲመለስላቸው እንደሚቀንስ የታየባቸው ሙከራዎች አሉ።

ፈታኙንም አትቀያይሩ፤ የወንድ ሰው ጠረን ብቻውን አይጦችን እንደሚያስጨንቅ እ.ኤ.አ. በ2014 ታይቷል። የፈተናው ዕለት የስላይዱን ናሙና የምትወስዱት ደግሞ አይጧ ከመድረኩ ከወረደች በኋላ ይሁን፤ ቀድማችሁ ከነካካችኋት የምትለኩት የእናንተን እጅ ድንጋጤ ነው።