ስታንድባይ ላይ ያለ አምፕሊፋየር አልጠፋም

አሮጌው የጊታር አምፕሊፋየር ከሶኬት ከተነቀለ ሃያ ደቂቃ አልፎታል፤ ቫልቮቹም (እየጋሉ የሚሠሩት የመስታወት ቱቦዎች) ቀዝቅዘዋል። ጀርባውን ፈትቼ የመልቲሜትሩን ጫፍ የመጀመሪያው ትልቅ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያከማች ዕቃ) ላይ ሳሳርፍ 380 ቮልት አነበበ። ባለቤቱ ሲያጠፋው መጀመሪያ ስታንድባዩን (ቫልቮቹ እንደጋሉ ከፍተኛውን ቮልቴጅ ብቻ የሚያቋርጠውን ማብሪያ)፣ ቀጥሎ ዋናውን ማብሪያ ዘግቶ ነበር። ጥንቃቄ ይመስላል፤ ግን በዚህ ዓይነት መሣሪያ የስታንድባይ ማብሪያው ከመጀመሪያው ካፓሲተር በኋላ ስለሚገኝ፣ እሱን መዝጋት ክምችቱ ሊፈስበት የሚችለውን ብቸኛ መንገድ ይቆርጣል።

ስለዚህ ስታጠፉ ስታንድባዩን በመጫወቻው ቦታ ትታችሁ ዋናውን ብቻ ዝጉ። የጋሉት ቫልቮች ለጥቂት ሰከንዶች ኃይል መሳባቸውን ስለሚቀጥሉ ካፓሲተሮቹን ያራግፏቸዋል። ይህን ግን አትመኑት፤ ለኩት። የ10 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር (ጅረትን የሚገድብ ዕቃ) በደንብ በተሸፈነ ሽቦ አዘጋጁ፤ አንዱን ጫፍ ከሻሲው (ከብረት አካሉ) ጋር አስራችሁ ሌላውን በአንድ እጅ ብቻ የካፓሲተሩ አዎንታዊ እግር ላይ ያዙ። ሌላው እጃችሁ ኪስ ውስጥ ይሁን። እስከ አሥር ቁጠሩና እንደገና ለኩ፤ ከ10 ቮልት በታች ካልወረደ ድገሙት። ከማብሪያው ወዲህም ወዲያም ያሉትን ካፓሲተሮች ሁሉ እንዲሁ አድርጉ። በካቻቢቴ ማገናኘት የሚወዱ አሉ፤ የካቻቢቴያቸው ጫፍ ቀልጦ ሲያዩም አይማሩም።

ስታንድባይ ለምን እንደተገጠመ ስትጠይቁ አብዛኛው ሰው «ካቶዱ (ቫልቩ ውስጥ ሲሞቅ ኤሌክትሮን የሚለቀው ክፍል) ሳይሞቅ ከፍተኛ ቮልቴጅ እንዳይልጠው» ይላል። ይህ በሺህ በሚቆጠር ቮልት የሚሠሩ የማሠራጫ ጣቢያ ቫልቮች ስጋት ነው። የጊታር አምፕሊፋየር አብዛኛውን ጊዜ ከ500 ቮልት አያልፍም። ፌንደር ቻምፕ ስታንድባይ የለውም፤ የድሮ የቫልቭ ሬዲዮኖችም ያለ እሱ ለዓመታት ዘፍነዋል። እውነተኛ ጥቅሙ በዕረፍት ሰዓት ድምፁን ዝም ማሰኘት ነው፤ ለዚያ ደግሞ የድምፅ መጠኑን መቀነስ ይበቃል። እንዲያውም ቫልቭ ኃይል ሳይስብ ለሰዓታት እንደጋለ ሲቆይ ካቶዱ ላይ ጅረትን የሚያግድ ሽፋን ይፈጠርና ጉልበቱን ያዳክመዋል።

ጂዜድ 34 ሬክቲፋየር (ተለዋዋጩን ጅረት ወደ ቀጥተኛ የሚቀይር ቫልቭ) ካላችሁ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ራሱ ስታንድባይ ነው። ማብሪያው በሬክቲፋየሩና በካፓሲተሮቹ መካከል በሆነበት መሣሪያ፣ እሱ ከጋለ በኋላ ድንገት ስታንድባዩን ስትከፍቱ ባዶዎቹ ካፓሲተሮች ሁሉንም በአንድ ጉርሻ ይውጣሉ። አንድ ጊዜ መስታወቱ ውስጥ ሰማያዊ ብልጭታ አይቻለሁ፤ ቫልቩ ከዚያ በኋላ አልተነሣም።

ማብሪያው ራሱም ይበላሻል። ላዩ ላይ 250 ቮልት የሚል ተጽፎበት ይሆናል፤ ያ ለተለዋዋጭ ጅረት ነው። ተለዋዋጩ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ዜሮ ስለሚነካ ብልጭታው ይጠፋል፤ ቀጥተኛው ጅረት ግን እየነደደ መገናኛውን ያጠቁረዋል። ስትነኩት የሚንጣጣ ወይም ድምፁን የሚያቋርጥ ከሆነ ቀይሩት። በአዲሱ ሁለት እግሮች መካከል 100 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር በዩበት። ሲከፈት የሚሰማው ጩኸት ይቀንሳል፤ በሁለቱ በኩል ያሉት ካፓሲተሮችም አይነጣጠሉም። ስታንድባይ ላይ ሳለ ጊታሩ በጣም ደክሞ ሊሰማ ይችላል፤ እኔን አያስቸግረኝም።

ከጥገና በኋላ ስፒከሩን ሳታገናኙ በፍጹም አታብሩ፤ የውጤት ትራንስፎርመሩ (ኃይሉን ከቫልቮቹ ወደ ስፒከሩ የሚያስተላልፈው) ሊቃጠል ይችላል። ለመጀመሪያው ሙከራ ከመብራቱ መስመር ጋር የ60 ዋት የድሮ ክር አምፖል በተከታታይ ግጠሙ፤ ኤልኢዲ አይሆንም። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ መልካም፤ ደምቆ ከቀረ ወዲያውኑ ነቅላችሁ አጭር ግንኙነት (ሾርት) ፈልጉ።

ያ ባለቤት ሊወስደው ሲመጣ ስታንድባዩን በመጫወቻው ቦታ በፕላስተር አሽጌ ሰጠሁት። ከመጫወቱ በፊት ስንት ደቂቃ እንደሚጠብቅ ጠየቀኝ። ስድስቱን ክሮች እስኪቃኝ አልኩት።