ኖትዊድ ያለበትን ቤት በእንግሊዝና በዌልስ መግዛትና መሸጥ፦ ከምርመራ እስከ ዋስትና ወረቀት

ለንደን ወይም ካርዲፍ ቤት ሊገዛ የተነሣ ሰው ስለ ጣሪያው፣ ስለ ማሞቂያውና ስለ ግድግዳው እርጥበት አጥብቆ ይጠይቃል። ጓሮውን ግን ብዙውን ጊዜ በመስኮት አይቶ ያልፈዋል። የጃፓን ኖትዊድ የሚባለው አረም የሚገኘው ደግሞ እዚያው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለጌጥ ተብሎ ከጃፓን ወደ አውሮፓ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1850 ለንደን ከሚገኘው የኪው የዕፅዋት ማዕከል ደረሰ። ጣናን ያስጨነቀውን እምቦጭ የሚያውቅ ሰው፣ ለውበቱ የተወደደ ተክል እንዴት አገር እንደሚያስቸግር ማስረጃ አያሻውም።

በእኔ እምነት ባለቤቶችን ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣቸው አረሙ ራሱ ሳይሆን ስለ አረሙ የተጻፈው ወይም ሳይጻፍ የቀረው ነገር ነው። ጋዜጦች ቤት የሚያፈርስ ጭራቅ አድርገው ሲያወሩለት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የሊድስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት ግን በሕንፃ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከሌሎች ታላላቅ ተክሎች የከፋ እንዳልሆነ አሳይቷል። በማግስቱ ዓመት የእንግሊዝ ፓርላማ የሳይንስ ኮሚቴም አበዳሪዎች ከልክ በላይ ይጠነቀቃሉ ሲል ተችቷል። ስለዚህ ኖትዊድ ተገኘ ተብሎ ከግዢው መሸሽ አያስፈልግም፤ ሥራውን በቅደም ተከተል መሥራት ይበቃል።

መጀመሪያ ተክሉን ይለዩ

(ወቅቶቹን የምጠራው እንደ ብሪታንያ ነው፦ በጋ ሙቁ፣ ክረምት ቀዝቃዛው ወቅት ነው።) ከክረምት በኋላ በሚመጣው ፀደይ ቀላ ያሉ ወፍራም ቡቃያዎች ከመሬት ብቅ ይላሉ። በበጋው ወራት በቀን እስከ 10 ሴንቲ ሜትር እያደጉ ከ2 እስከ 3 ሜትር ይደርሳሉ። ግንዱ እንደ ቀርከሃ አንጓ ያለውና ውስጡ ባዶ ሲሆን፣ ላዩ ላይ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ይታይበታል። ቅጠሎቹ በግንዱ ግራና ቀኝ እየተፈራረቁ ይወጣሉ፤ የቅጠሉ ግርጌ ጠፍጣፋ፣ ጫፉ ሹል ነው። በበጋው መጨረሻ ነጣ ያሉ ጥቃቅን አበቦች ያወጣል። ሥሩ ከውጭ ጥቁር ቡናማ፣ ሲሰበር ውስጡ ብርቱካናማ ነው። ብሪታንያ ውስጥ የሚራባው በዘር ሳይሆን በዚህ ሥር ነው፤ ጥፍር የምታህል ቁራጭ አፈር ካገኘች አዲስ ተክል ትሆናለች። ስለዚህ ለማጣራት ብለው አይቆፍሩ። ፎቶግራፍ አንሥተው ለባለሙያ ያሳዩ።

በክረምት ቤት የሚያይ ሰው ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በዚያ ወቅት ተክሉ ደርቆ ቡናማ አገዳ ብቻ ይቀራል፤ አገዳውን ቆርጦ የጣለ ሻጭ ካለ ደግሞ ምንም ላይታይ ይችላል። የጓሮውን የበጋ ፎቶግራፍ ይጠይቁ። የጉግል የመንገድ እይታ ያለፉ ዓመታትን ምስሎችም ስለሚያስቀምጥ ከመንገድ በኩል ያለውን ወገን በእርሱ ማየት ይቻላል። በጓሮው አንድ ጥግ ብቻ አዲስ ጠጠር ወይም ንጣፍ ተደርጎ ካዩ ለምን እንደሆነ ይጠይቁ። ቤቱ ከባቡር ሐዲድ፣ ከወንዝ ዳር ወይም ባለቤቱ ከተወው ባዶ ቦታ ጋር የሚዋሰን ከሆነ በአጥሩ ማዶም አንገትዎን አስግገው ይመልከቱ።

ገዢ ከሆኑ

ባንኩ የሚልከው ገማች የሚሠራው ለባንኩ ነው፤ የቤቱን ዋጋ ገምቶ ይሄዳል። ለእርስዎ የሚሠራ ሰርቬየር (የቤቱን ሁኔታ የሚመረምር ባለሙያ) በራስዎ ወጪ ይቅጠሩ፤ ስለ ኖትዊድ ያለዎትን ጥርጣሬም ከመሄዱ በፊት ይንገሩት። ሰርቬየሮች ድሮ አረሙ ከቤቱ በ7 ሜትር ውስጥ ካለ አደጋ ነው ይሉ ነበር። ሪክስ የተባለው የሙያ ተቋማቸው እ.ኤ.አ. በ2022 ያንን ትቶ አራት ደረጃዎችን አወጣ። አረሙ ሕንፃውን በግልጽ ከጎዳ (አንደኛው ደረጃ) ወይም የጓሮውን አጠቃቀም ካሰናከለ (ሁለተኛው) እርምጃ ይጠየቃል። በግቢው ውስጥ ኖሮ ይህን ካላደረሰ በክትትል መያዝ ይበቃል። ከግቢው ውጭ፣ ከአጥሩ በ3 ሜትር ውስጥ ከሆነ ሪፖርት ይደረጋል። የቤት ብድሩ የሚፈቀደው በየትኛው ሁኔታ እንደሆነ አበዳሪዎች የየራሳቸው መመሪያ አላቸው። ስለዚህ ሪፖርቱ እንደደረሰዎት ለብድር አማካሪዎ ይላኩ፤ ለሶሊሲተርዎም (የግዢውን ሕጋዊ ሥራ ለሚሠራልዎት ጠበቃ) ግልባጭ ይስጡ።

አረሙ ከተገኘ ሁለት መንገድ አለ፦ ሻጩ ውል ከመፈረሙ በፊት የማጥፋት ሥራውን አስጀምሮ ወረቀቱን ያስረክባል፣ ወይም ወጪው ከዋጋው ይቀነሳል። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ባንኩ ሊያይ የሚፈልገው ሥራው ለባለሙያ መሰጠቱን ነው፤ የዋጋ ቅናሽ ብቻውን ያንን አያሳይም።

ሻጭ ከሆኑ

ሶሊሲተርዎ ቲኤ6 የተባለ የንብረት መረጃ ቅጽ ይሰጥዎታል። ቅጹ ኖትዊድ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ «አዎ»፣ «የለም» ወይም «አላውቅም» ነው። ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። እንደ ቅጹ ማብራሪያ «የለም» ማለት የሚቻለው፣ ከላይ ምንም ባይታይም እንኳ፣ በግቢውም ሆነ ከአጥሩ 3 ሜትር ርቀት ውስጥ ከመሬት በታች ሥር እንደሌለ እርግጠኛ ሲሆኑ ነው። ጓሮን አንድ ጊዜ ዞሮ በማየት ብቻ ይህን እርግጠኝነት የሚያገኝ ሰው የለም። ስላላዩ ብቻ «የለም» አይበሉ፤ እያወቁም «አላውቅም» አይበሉ። ቅጹን ከሞሉ በኋላ አረሙን ካዩም ከገዢው ጋር ውል ከመለዋወጥዎ በፊት መልሱን ያስተካክሉ።

በደቡብ ምዕራብ ለንደን በ700 ሺህ ፓውንድ ቤት የሸጠ ሰው «የለም» ብሎ መልሶ ነበር። ገዢው አረሙን ሲያገኝ ከሰሰው፤ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2023 ሻጩ 32 ሺህ ፓውንድ ካሣ እንዲከፍል ወሰነ። ከካሣው የባሰው የጠበቃ ወጪው ነበር፦ ጠቅላላ ዕዳው ከ200 ሺህ ፓውንድ በላይ ሆነ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። አረሙ መኖሩን ተናግሮ የማጥፋት ዕቅድ አያይዞ የሚሸጥ ሰው ከዋጋው ጥቂት ሊጎድልበት ይችላል፤ ማታ ግን እንቅልፍ አያጣም።

የማጥፋት ሥራ

የተለመደው መንገድ ግላይፎሴት የተባለውን ፀረ አረም መርጨት ነው። ከበጋው መጨረሻ እስከ መፀው (ቅጠል እስከሚረግፍበት ወቅት)፣ ተክሉ ምግቡን ወደ ሥሩ በሚያወርድበት ጊዜ ቢረጭ የተሻለ ይሠራል። ለበርካታ ዓመታት መደጋገም ያስፈልገዋል። ቆፍሮ ማውጣት ይፈጥናል፤ ዋጋው ግን እጅግ ይከብዳል፣ አፈሩም ፈቃድ ወዳለው ማስወገጃ መሄድ አለበት። በጓሮዎ ማብቀሉ በራሱ ወንጀል አይደለም። ወደ ዱር እንዲዛመት ማድረግ ግን እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው የዱር እንስሳትና የገጠር ሕግ ያስቀጣል። ቆርጠው ማዘጋጃ ቤቱ በሚወስደው የጓሮ ቆሻሻ መያዣ ውስጥም አይጨምሩት።

የሚቀጥሩት ድርጅት እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠሩ ድርጅቶች የሙያ ማኅበር የሆነው የፕሮፐርቲ ኬር ማኅበር አባል መሆኑን ያረጋግጡ፤ ለሥራው የሚሰጥዎት ዋስትና ደግሞ በኢንሹራንስ የተደገፈ ይሁን። ድርጅቱ ነገ ቢዘጋ ለ10 ዓመት የሰጠው ተራ ዋስትና አብሮት ይጠፋል። በኢንሹራንስ የተደገፈው ግን ይቀጥላል።

አረሙ ከጎረቤት የመጣ ከሆነ

በመጀመሪያ አንኳኩተው ያነጋግሩ፤ ቀጥሎ ቀን የተጻፈበት ደብዳቤና ፎቶግራፍ ይላኩ። እ.ኤ.አ. በ2018 የይግባኝ ፍርድ ቤት የባቡር ሐዲዱን ባለቤት ኔትወርክ ሬይል ወደ ጎረቤት ቤቶች ለተዛመተ ኖትዊድ ተጠያቂ አድርጎታል። በ2024 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዌልስ የብሪጅንድ ማዘጋጃ ቤት ላይ ለቀረበ ክስ፣ የቤቱ ዋጋ የቀነሰው ማዘጋጃ ቤቱ ግዴታውን ከመጣሱ በፊት ስለሆነ ለዚያ ካሣ አይገባም ብሏል። ስለዚህ አረሙ መቼ እንደተሻገረና ጎረቤትዎ መቼ እንዳወቀ የሚያሳይ ማስረጃ ከሁሉ በፊት ይሰብስቡ። ቤቱን በመጨረሻ ሲረከቡም የማጥፋት ሥራው ዋስትና በስምዎ መዛወሩን ከድርጅቱ በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ይህን የሚያደርገው ሶሊሲተሩ ነው ብለው አይተዉት፣ ቀኑንም ጠይቀው ያረጋግጡ።