የገና ዛፋችሁ ለእኛ ገና እንዲደርስ

አሜሪካ ከገባችሁ የመጀመሪያው ገናችሁ ከሆነ፣ በኖቬምበር መጨረሻ ከሚውለው የምስጋና በዓል፣ ከታንክስጊቪንግ፣ ማግስት ጀምሮ በየሱፐርማርኬቱ ደጅ የተደረደረው ጥድ ዓይናችሁን መሳቡ አይቀርም። ሽታው ራሱ አገር ቤት ይወስዳል። ግን አትቸኩሉ። የፈረንጆቹ ገና ዲሴምበር 25 ነው፤ የእኛ ጃንዋሪ 7። የተቆረጠ ዛፍ በደንብ ከተያዘ 4 ወይም 5 ሳምንት ይቆያል። በኖቬምበር መጨረሻ የገዛችሁት የእኛ ገና ሲደርስ 6 ሳምንት ሊሞላው ነው።

እኛ ቤት በመጀመሪያው ዓመት የሆነው ይኸው ነው። በገና ዋዜማ ልጄ አንድ ጌጥ ልታወርድ ስትል የቅርንጫፉ ቅጠል በሙሉ ረገፈ። ከምንጣፉ ላይ ሳነሳው እጄ ላይ ተሰባበረ። ደርቆ ማገዶ ሆኗል፤ መብራቱ ግን እላዩ ላይ እየበራ ነበር። ሳስበው ዛሬም ይሰቀጥጠኛል። የደረቀ ጥድ አንዴ እሳት ከያዘው ክፍሉን ለማዳረስ ደቂቃ አይፈጅበትም።

ስለዚህ ከዲሴምበር አጋማሽ በኋላ ግዙ። ተከራይ ከሆናችሁ መጀመሪያ ውላችሁን አንብቡ፤ እውነተኛ ዛፍ የሚከለክል አፓርታማ ብዙ ነው። ስትመርጡ ቅርንጫፉን በጣቶቻችሁ ይዛችሁ ወደ ራሳችሁ ሳብ አድርጉት። ቅጠሉ እጃችሁ ላይ ከቀረ ተዉት።

ሻጩ ከግንዱ ሥር 1 ወይም 2 ኢንች በመጋዝ እንዲቆርጥላችሁ ጠይቁት። አሮጌው ቁራጭ በሙጫ ስለተደፈነ ውሃ አይስብም። ቤት እንደደረሳችሁ ውሃ በሚይዝ ማቆሚያ ላይ አቁሙት። የቧንቧ ውሃ ይበቃዋል፤ ስኳርም አስፕሪንም አያስፈልገውም። በመጀመሪያው ቀን 1 ጋሎን ቢጨርስ አትደንግጡ። ጠዋትና ማታ እዩት። ውሃው ከተቆረጠው ጫፍ በታች ከወረደ ግንዱ እንደገና ይደፈናል።

ከማሞቂያ ቢያንስ 3 ጫማ ይራቅ፤ በር ላይም አይቁም። መብራቱ ኤልኢዲ ይሁን፣ ስትተኙና ስትወጡ አጥፉት። የጭስ ማስጠንቀቂያውንም ቁልፉን ተጭናችሁ ሞክሩት።

አሁን ወደ ቡናው። ረከቦቱን ዛፉ ሥር መዘርጋት ለፎቶ ያምራል፤ እባካችሁ አታድርጉት። ከፍም የምትዘል አንዲት ፍንጣሪ ትበቃለች። ጧፍም ሻማም እንደዚያው። ከሰል ደግሞ ዛፍ ባይኖርም ቤት ውስጥ አይቀጣጠልም፤ የማይታየውና የማይሸተው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል። ጀበናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ጣዱ፣ እጣኑንም በኤሌክትሪክ ማጨሻ፣ ሌላ ጥግ።

ከበዓሉ በፊት ቅጠሉ መርገፍ ከጀመረ ጃንዋሪ 7ን አትጠብቁ። ጌጡን አውርዱና ዛፉን አውጡት፤ ብዙ ካውንቲዎች (የአካባቢ አስተዳደሮች) በጃንዋሪ መጀመሪያ ከደጃፍ ያነሱታል። መብራቱን መስኮቱ ላይ ስቀሉት። ልጆቹ እሱንም ይወዱታል።