ያገለገለ ስልክ ስትገዙ ብሩን ከመላካችሁ በፊት

ባሕር ዳር ፓፒረስ አካባቢም ይሁን ከሰፈር ሰው ያገለገለ ስልክ የምትገዙ፣ ስክሪንና ካሜራ ብቻ አይታችሁ አትክፈሉ። የሻጩ ጉግል አካውንት ካልወጣ ስልኩ ኪሳችሁ ውስጥ ሆኖም የእናንተ አይደለም፤ አንድ ቀን ሪሴት ሲደረግ (ሁሉም ነገር ጠፍቶ እንደ አዲስ ሲነሳ) የድሮውን ኢሜይልና ፓስወርድ ጠይቆ ይቆለፋል። ስለዚህ ሻጩ እዚያው ፊታችሁ ሴቲንግ ገብቶ አካውንቱን ያውጣ፣ ከዚያ ሪሴት ያድርገው። ከራሳችሁ ስልክ ዳታ አጋሩትና ዋናው ገጽ እስኪከፈት ጠብቁ። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ቡና እየጠጣችሁም ቢሆን ጠብቁ። አይፎን ከሆነ «ፋይንድ ማይ» የሚባለው የጠፋ ስልክ መፈለጊያና መቆለፊያ መጥፋት አለበት፤ ይህን ለማጥፋት የባለቤቱ የአፕል አካውንት ፓስወርድ ያስፈልጋል። *#06# ስትነኩ የሚመጣውን 15 አሃዝ የስልኩን መለያ ቁጥርም ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። «ቸኩያለሁ፣ ፓስወርዱን ማታ እልክልሃለሁ» የሚል ሻጭ ጨዋ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ብሩም ማታ ይሁን በሉት።